ባሕሩ ለአባትህ፣ ኪራዩ ላንተ

«ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ እንደምን ከረሙ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ 31 ዓመቴ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት አሜሪካ ገብታ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ በሚባል ከተማ አረጋውያን ትንከባከባለች። የምትኖረው ከሁለት ሐበሾች ጋር ቤት ተጋርታ ነው። አሁን የእኔም ቪዛ ተመቶ በእጄ ገብቷል። ዳላስ፣ ቴክሳስ ያለው የአጎቴ ልጅ ‹ካሊፎርኒያ የሀብታም አገር ነው፤ ሚስትህን ይዘህ ወደኔ ና፤ በሦስት ዓመት ቤት ትገዛለህ› ይለኛል። እናቴ እሳቱንና የመሬት መንቀጥቀጡን በቴሌቪዥን አይታ ‹እዚያስ ቢቀርብህ› ትላለች። ባለቤቴ ሥራዬን አልለቅም ባይ ናት። እውነቱን ልንገርዎትና የእኔም ልብ ወደዚያው ያደላል። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር፤ ስለ ባሕር ሲያወራ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። እርስዎ እዚያ ኖረው እንደተመለሱ ሰምቻለሁ። ምን ይመክሩኛል?
ልቡ ሁለት የሆነ፣ ከኮምቦልቻ»

ወንድም ዓለም፤ አብሽር። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለጥያቄህ፣ አንዴ ደግሞ ለአባትህ ስል። እኔም የደሴ ልጅ ነኝና እነዚያን ሾፌሮች አውቃቸዋለሁ። ስለ ሚሌ ሙቀት፣ ስለ በረሃው መንገድ፣ መጨረሻ ላይ ድንገት ስለሚገጥመው ውሃ ሲያወሩ አፋችንን ከፍተን ነበር የምንሰማቸው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋና ባሕሩ ለእኛ ወሬ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ የልብህን ማዳላት አልፈርድበትም። ግን እሱን ለብቻው አስቀምጠን መጀመሪያ ሌላውን እንነጋገር።

መልሴን አላቆይብህም፤ ሚስትህ ያለችበት ኦክላንድ ግባ። ይህን የምልህ ካሊፎርኒያ ከቴክሳስ ስለሚበልጥ አይደለም። የሦስት ዓመት ሥራ ያላት፣ አውቶቡሱን የምታውቅ፣ አሠሪዋ በስሟ የሚጠራት አንዲት ሰው አለችህ፤ ዳላስ ላይ ግን ሁለታችሁም አዲስ ትሆናላችሁ። ሚስትህ «አልለቅም» ያለችው እልህ ይዟት እንዳይመስልህ። ያንን ሥራ ስታገኝ ምን እንዳየች አንተ አላየህም።

አሁን ወደ ጥቅምና ጉዳቱ ልምጣ። ካሊፎርኒያ 14 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አራቱን ሎስ አንጀለስ፣ አሥሩን ኦክላንድ። ከተመለስኩ አራት ዓመቴ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ አንድ ነገር ነው፤ «ካሊፎርኒያ እንዴት ነው?» ይሉኛል። የቱ ካሊፎርኒያ? 39 ሚሊዮን ሰው የሚኖርበት፣ ከ420,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለው፣ የባሕር ዳርቻው ብቻ ወደ 1,350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አገር እኮ ነው። ከኦክላንድ ሎስ አንጀለስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከደሴ አዲስ አበባ የሚያደርስህን መንገድ አንድ ጊዜ ተኩል በለው። ዊትኒ የሚባለው ተራራቸው 4,421 ሜትር ላይ ሲቆም፣ የሞት ሸለቆ የሚሉት በረሃ ደግሞ ከባሕር ወለል 86 ሜትር ይወርዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1913 56.7 ዲግሪ ተመዝግቦበታል (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ያላልኩት ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው)። አባትህ ቢሰማ «ይሄማ የዳሎል ታናሽ ወንድም ነው» ይል ነበር።

ለኮምቦልቻ ልጅ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ደሴ ላይ ጋቢ ለብሰህ ተሳፍረህ ሐረጎን ስትወርድ ምን ይሆናል? ታክሲው ቦርከና ሳይደርስ ጋቢው ጭንህ ላይ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከ2,500 ሜትር ወደ 1,850 ወረድክ። ኦክላንድም እንዲሁ ነው። ከከተማው ኮረብታ ሥር ካልደኮት የሚባል ዋሻ አለ፤ የእኛን ጣርማበር ያስታውሰኝ ነበር። በበጋ በወዲህኛው አፍ ጉምና ብርድ፣ በወዲያኛው አፍ የሚያቃጥል ፀሐይ። ሳን ፍራንሲስኮ ሐምሌ ላይ ያኮራምትሃል፤ ሁለት ሰዓት በመኪና ወደ ውስጥ ብትገባ አልሞንድ የሚለቀምበት ሸለቆ 40 ዲግሪ ያነድሃል። የቤት ዋጋውም ልክ እንደ አየሩ ነው፤ ወደ ባሕሩ በተጠጋህ ቁጥር ይከብዳል፣ በራቅክ ቁጥር ይቀላል። የአገሩ ነገር ሁሉ የሚዞረው በዚህች ላይ ነው።

ቤት። የካሊፎርኒያ ክፋት በአንድ ቃል ተናገሪ ብትለኝ ይኸው ነው። አንድ መካከለኛ ቤት በክፍለ ግዛቱ ከ800,000 ዶላር በላይ ይሸጣል፤ ቴክሳስ 350,000 እንኳ አይሞላም። የአጎትህ ልጅ አልዋሸህም። ኦክላንድ ባለ አንድ መኝታ ኪራይ 2,000 ዶላር አካባቢ ነው። እኔ እ.ኤ.አ. በ2012 በ1,150 ዶላር የተከራየኋት ቤት በስድስተኛው ዓመት 1,900 ገባች፤ ቀጥሎ ባለቤቱ ሸጣትና ዕቃዬን ጓደኛዬ ጋራዥ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ በ2019 የወጣ ሕግ አለ፤ ከ15 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው አብዛኞቹ የኪራይ ሕንጻዎች ላይ ጭማሪው በዓመት ከ10 በመቶ እንዳይዘል ያግዳል። ለእኔ ዘግይቶ ነው የደረሰው።

ለምን እንዲህ እንደተወደደ ማወቁ ይጠቅምሃል፤ «ነገ ይረክሳል» እያልክ እንዳትጠብቅ። የቤት መሥሪያ መሬት አብዛኛው ለአንድ ቤተሰብ ግቢ ብቻ ተብሎ የተከለለ ነው፤ ፎቅ ልሥራ ያለ በክርክር ዓመታት ይፈጃል። በዚያ ላይ በ1978 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ያጸደቀው ሕግ የቤት ግብርን በተገዛበት ዋጋ 1 በመቶ ላይ አሰረው፤ የሚታሰብበት ዋጋም በዓመት ከ2 በመቶ በላይ አያድግም። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት በ1970ዎቹ ነው የገዙት፤ ከአጠገባቸው አዲስ የገባው ወጣት የሚከፍለውን ግብር ሩብ እንኳ አይከፍሉም። እና ለምን ይሽጡ? ቀድሞ የተቀመጠ ተቀመጠ። ቤት ፈላጊው ግን ውጭ ነው የሚያድረው። ቃል በቃል ማለቴ ነው፤ በ2024 ቆጠራ ከ180,000 በላይ ሰው ቤት አልባ ነበር። ኦክላንድ ስትገባ በድልድይ ሥር የተደረደረ ድንኳን ታያለህ። «አሜሪካ ነኝ ወይስ የት ነኝ?» ትላለህ፤ ሁላችንም ብለናል። መኪና ከገዛህ ደግሞ ወንበሩ ላይ ቦርሳ አትተው፤ መስታወት ሰባሪ አይጠፋም።

የአጎትህ ልጅ ስለ ግብር የሚነግርህን ግን ሙሉ በሙሉ አትቀበል። «ቴክሳስ የገቢ ግብር የለም» ይልሃል፤ እውነት ነው፣ ክፍለ ግዛቱ ከደመወዝ አይቆርጥም። «ካሊፎርኒያ 13 በመቶ ይወስድብሃል» ሲልህ ግን ሳቅ። 13.3 በመቶው ከሚሊዮን ዶላር በላይ ለሚያገኝ ነው፤ ከ1 በመቶ ነው የሚጀምረው፤ በእናንተ ደመወዝ የሚቆረጠው ጥቂት ነው። ቴክሳስ በበኩሉ የተወውን ከደመወዝ ሳይሆን ከቤትህ ይወስደዋል። የቤት ግብሩ በብዙ ቦታ ከ1.5 በመቶ ይበልጣል፤ በ340,000 ዶላር ቤት ላይ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ማለት ነው፤ ቤቱም ውድ እየሆነ ሲሄድ ግብሩ ይከተለዋል። ሱቅ ላይ ደግሞ ኦክላንድ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምርብሃል፣ ዳላስ 8.25 ነው። ቤንዚን ካሊፎርኒያ በጋሎን አንድ ዶላርና ከዚያ በላይ ይወደዳል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ካሊፎርኒያ በ2026 16.90 ዶላር ነው፤ ቴክሳስ የፌዴራሉን 7.25 ይዞ ከ2009 ጀምሮ ፈቀቅ አላለም፤ ዳላስ ላይ በተግባር ከዚያ በላይ ቢከፍሉም። ሂሳቡን እኔ ስደምረው ቤት መግዛት ዋና ዓላማው ለሆነ ሰው ዳላስ ያሸንፋል። በሁለት ደሞዝ ተከራይቶ፣ ተምሮ፣ ሙያውን ማሳደግ ለሚፈልግ ግን ልዩነቱ እንደሚወራው ሰፊ አይደለም።

መኪናውንም አስብ። ዳላስ ያለ መኪና እግርህ እንደታሰረ ቁጠረው። ኦክላንድ ባርት የሚባል ባቡር አለ፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታት መኪና ሳልገዛ ኖሬአለሁ። (ሎስ አንጀለስ ከሆነስ? እሱ ሌላ ጉድ ነው፤ መንገድ ላይ ያረጀሁበት ከተማ።)

ስለ ሙያህ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። እዚያ «ኤሌክትሪሽያን ነኝ» ማለት ብቻ አያሠራህም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንትራክተር ሥር ሽቦ ለመዘርጋት ሠርተፊኬት ያስፈልጋል፤ ለእሱም 8,000 የሥራ ሰዓትና ፈተና። ሰዓቱን እስክትሞላ በተፈቀደ ትምህርት ቤት ተመዝግበህ በሠልጣኝነት ትሠራለህ። ቴክሳስም ሙሉ ፈቃድ ያለው ሠራተኛ ለመሆን ያው 8,000 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ «እዚህ ይቀላል» ቢሉህ አትታለል። ያንተ ዕድል ሌላ ቦታ ነው። የካሊፎርኒያው ግዴታ የሚመለከተው ኮንትራክተር ሥር የሚሠራውን ነው። ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ የምግብ ማቀነባበሪያ የራሱን የጥገና ሠራተኛ ሲቀጥር ሞተር፣ ፓኔልና ኮንቬየር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ አንተም በኮምቦልቻ በየቀኑ የምትሠራው ያንኑ ነው። የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ እዚያ 120 እና 240 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ይሆናል፤ ፋብሪካ ውስጥ በብዛት 480 ታገኛለህ። ይህን ለመልመድ ወራት ይበቁሃል። የሚፈጅብህ እንግሊዝኛው ነው።

የካሊፎርኒያን ደግነት ደግሞ እዚህ ላይ ልናገር። የአዋቂዎች ትምህርት ቤት የሚባሉት እንግሊዝኛን በነፃ ያስተምራሉ። ከዚያ ከፍ ስትል 116 የማኅበረሰብ ኮሌጆች አሉ፤ ለነዋሪ ክፍያው በአንድ ክሬዲት 46 ዶላር ነው፤ በመላ አሜሪካ ከርካሾቹ አንዱ ነው። ነዋሪ ለመባል አንድ ዓመት መቆየት አለብህ፤ የገባህበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ጀምረህ ሰብስብ። እኔ በ40 ዓመቴ ማታ ማታ ተምሬ የሒሳብ ሥራ የያዝኩት በዚሁ ነው፤ ከጎኔ የ19 ዓመት ቬትናማዊና የ60 ዓመት ሜክሲኳዊ ተቀምጠው። ማንም «አንቺ ከየት ነሽ?» ብሎ አፍጥጦ አያይህም፤ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሕክምናም ቢሆን፣ ገቢያቸው አነስተኛ ለሆኑ ሰዎች ካሊፎርኒያ የመንግሥት መድኅኑን አስፍታለች፤ ቴክሳስ ካላሰፉት ክፍለ ግዛቶች አንዱ ነው። ልጅ ለመውለድ የምታስቡ ከሆነ ይህን ከሚስትህ ጋር ተነጋገሩበት፤ ያለ መድኅን አንድ ወሊድ የስንት ዓመት ቁጠባ እንደሚበላ እሷ ታውቃለች።

ወደ እናትህ ልሂድ። ፍርሃታቸውን አትናቅባቸው፤ እውነት አለበት። በ1906 ሳን ፍራንሲስኮ ተናውጣና ነድዳ ወደ 3,000 ሰው አልቋል። በጥቅምት 1989 ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ በመታው ነውጥ ከሞቱት 63 ሰዎች 42ቱ የሞቱት እዚያው ኦክላንድ፣ ፎቅ የሆነ መንገድ ተደርምሶባቸው ነው። ሄይዋርድ የሚሉት የመሬት ስንጥቅም በከተማው ኮረብታ ሥር ያልፋል። ግን እናትህን በቀስታ እንዲህ በላቸው፤ «እማ፣ እኛስ የት ነው የተቀመጥነው?» ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ እኮ ነን። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው ነውጥ ማጀቴን አፍርሷታል። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው በአባትህ የአሰብ መንገድ ላይ ያለችው ሰርዶ ወድማለች። ልዩነቱ እዚያ ሕንጻው ነውጥ ታስቦ ይሠራል። ስትከራይ ቤቱ መቼ እንደተሠራ ጠይቅ፤ ከታች የመኪና ማቆሚያ ሆኖ በቀጫጭን ምሰሶ የቆመ አሮጌ ሕንጻ ከሆነ መጠናከሩን ሳታረጋግጥ አትግባ።

እሳቱ ይበልጥ ያሳስበኛል። በ2018 ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ በአንድ ጠዋት ነድዳ 85 ሰው ሞተ። በጥር 2025 ሎስ አንጀለስ ላይ ከ16,000 በላይ ሕንጻ ሲቃጠል እኔ እዚህ ደሴ ሆኜ የማውቃቸውን ሰፈሮች በስልክ አያለሁ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። እሳቱ ከተማ መሐል ያለ ተከራይን ቤቱን አያቃጥልበት ይሆናል፣ ጭሱ ግን ያገኘዋል። መስከረም 9 ቀን 2020 በእነሱ አቆጣጠር ኦክላንድ ላይ ፀሐይ አልወጣችም። ሰማዩ ብርቱካን መስሎ ዋለ፤ ረፋድ ላይ መብራት አብርተን ነው ቡና ያፈላነው። አንዲት የሐርቡ ልጅ አብራኝ ነበረች፤ አቦሉ ላይ ዝም አለች፣ ቶናው ላይ ዝም አለች፣ በረካው ላይ «ቤቴን ናፈቅኩ» ብላ አለቀሰች። ሰው ቤቱን ለመድን ማስገባትም እየከበደው ነው፤ ኮረብታ ላይ ቤት የሚያምረው ሁሉ ያንን ይጠይቅ። እናንተ ለጊዜው አይነካችሁም።

ቴክሳስስ? የካቲት 2021 ውርጭ ወርዶ መብራት ጠፍቶ ከ200 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። ክረምቱ በረዶ፣ በጋው ከ38 ዲግሪ በላይ። የአጎትህ ልጅ ይህን አልነገረህም መሰለኝ።

ሐበሻ ይኖራል ወይ ብለህ አልጠየቅከኝም፤ ሳትጠይቅ ልመልስልህ። ሞልቷል፣ በሁለቱም ቦታ። ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ያለው ሰፈር ከ2002 ጀምሮ በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ነው የሚባለው። ኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ እንጀራህንና ቡናህን ታገኛለህ።

አሁን ከሚስትህ ጋር ምን እንደምትስማሙ ልንገርህ። ለ18 ወር ኦክላንድ ቆዩ። እሷ ያለችበት ቤት ውስጥ ለባልና ሚስት ክፍል ከተገኘ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት እዚያው ተጠጉ፤ ጠበብ ቢልም። ለብቻችን እንውጣ የሚል ፍላጎት ይመጣባችኋል፤ እንግሊዝኛህ ሥራ እስኪያስገባህ ታገሱ። ወደ አገር ቤት የምትልኩትን ገንዘብ ልክ ከመሳፈርህ በፊት ወስን፣ ለእናትህም ቁጥሩን ንገራቸው፤ አሜሪካ ከገባህ በኋላ የተወሰነ ቁጥር ቅያሜ ያመጣል። 18 ወር ሲሞላ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡ። ቤት ካማራችሁ ወዲያው ዳላስ አትዝለሉ፤ ሳክራሜንቶና ስቶክተንን እዩ፣ ከባሕሩ ራቅ ስለሚሉ ይረክሳሉ። ግን ስቶክተን እየኖሩ ኦክላንድ መሥራት የሚባለውን እንዳትሞክሩት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተው አልታሞንት የሚባለውን ኮረብታ በመኪና ሰልፍ የሚሻገሩ ሰዎች አውቃለሁ፤ በቀን ሦስትና አራት ሰዓት መሪ ጨብጠው፣ ልጆቻቸውን እሑድ ብቻ የሚያዩ። ቤቱም ሥራውም አንድ ወገን ይሁን። ያም ካልሆነ ዳላስ የትም አይሄድም። ለአጎትህ ልጅ ደውልና «ወንድሜ፣ በሩን አትዝጋብኝ» በለው። እንግዳ አድርጎ ሁለት ሳምንት ቢቀበላችሁ ሄዳችሁ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ከመሄድህ በፊት ከፋብሪካው የሥራ ልምድ ደብዳቤ አጻፍ። «በጥገና ክፍል ሠርቷል» የሚል አንድ መስመር አይበቃም። የትኛውን ማሽን፣ ስንት ቮልት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፤ በእንግሊዝኛ፣ ማኅተም ያለበት፣ ሁለት ዋና ቅጂ። የቅርብ አለቃህንም ስልክና ኢሜይል ጠይቀህ ያዝ።

ባሕሩን ደግሞ እንዲህ ታየዋለህ። በመጀመሪያው ነፃ እሑድ በባርት ባሕረ ሰላጤውን በሥሩ ተሻግራችሁ ሳን ፍራንሲስኮ ኢምባርካዴሮ ውረዱ፤ ከዚያ ኤን የሚል የተጻፈበትን የከተማ ባቡር እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተሳፈሩ። ስትወርዱ ውቅያኖሱ ፊታችሁ ነው። የመግቢያ ክፍያ የለውም፣ ዘበኛ የለውም፤ እርጥቡ አሸዋ በሕግ የሕዝብ ነው፤ የፈለገ ሀብታም ከላይ ቤት ቢሠራ ማዕበሉ የሚረግጠውን ማጠር አይችልም። ለመዋኘት ግን እንዳትሞክር፤ ያ ውሃ የአሰብ ውሃ አይደለም፣ ሐምሌ ላይ እንኳ አጥንት ድረስ ይበርዳል፣ ወደ ውስጥ የሚጎትት ጅረትም አለው። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የደሴን ጋቢ ሻንጣህ ውስጥ ጨምር፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል።